ለነፊሳ ያልደረሰ ማዕድን

ይህን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ለነፍስ አባቴ አልነገርኩም። ስንት ዘመን በየፆሙ ፊታቸው ቆሜ ሐሜቴን፣ ምቀኝነቴን፣ ቁጣዬን ሁሉ ስዘረግፍ ኖሬ ይህችን አንዷን ግን እንደ ያዝኳት ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ባሌ ሳያውቅ ሞተ። ልጆቼ ደግሞ እናታችን ደግ ነርስ ነበረች እያሉ ለእንግዳ ሲያወሩ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እናንተን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም፤ የደፈርኩት ለዚህ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልለምናችሁ፦ አታጽናኑኝ። ገና አፌን ስከፍት "አይዞሽ፣ ዘመኑ ነው" የሚል ሰው ያንገበግበኛል።

ምን አደረግሽ ትሉኛላችሁ። ለአንዲት ሴት በደም ሥሯ እንዲገባ የታዘዘውን ማዕድን ሳልሰጣት፣ ሰጥቻታለሁ አልኩ። ይኸው ነው። ሲጻፍ ሁለት መስመር አይሞላም። ሳልሰጣት ሰጠሁ አልኩ። ይህችን ለማውጣት ፀጉሬ እስኪሸብት መጠበቅ ነበረብኝ? ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነበርኩ። የሆስፒታሉ ስም ይቅር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንጂ ግድግዳው አይደለም። አባቴ በባቡር ሥራ ምክንያት ከደጋ ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ስለነበር ተወልጄ ያደግኩት ከዚራ ሰፈር ነው። ስሜ የሺ ነው፤ ከተማው ሲስተር የሺ ይለኝ ነበር። መንገድ ላይ ስሄድ ይህን ስም እየጠሩ ሰላም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። በጣም ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገሩ የተበላሸውም ከዚያ ነው መሰለኝ።

የድሬ ሰው ለግሉኮስ ያለውን ፍቅር ያላየ የእኔን ታሪክ አይረዳውም። ሙቀቱ ያደከመው፣ ወባ የጣለው፣ ጫት ሲቅም ከርሞ ምግብ የጠላው፣ ባሏ ያበሳጫት ሳትቀር "ሲስተር፣ አንድ ግሉኮስ ስቀይልኝ" ይላል። ያውም ቢጫውን። ቫይታሚን ቢ የተጨመረበት ግሉኮስ ቢጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ቢጫው ጉልበት ነው፣ ቀለም የሌለው ደግሞ ውሃ ነው ብለው ጨርሰዋል። ይህን ማን አስተማራቸው? እኛ ነርሶቹ ነን። ከሥራ ሰዓት ውጭ በየቤቱ እየተጠራን ከመስኮቱ ብረት ላይ ጠርሙስ እናንጠለጥል ነበር፤ ቢጫውን የሰቀለች ነርስ ምርቃት በምርቃት ሆና ትወጣለች፣ ነጩን የሰቀለች ግን ሁለተኛ አትጠራም። እኔ ሁልጊዜ ቢጫውን እሰቅል ነበር። መጠራት እወዳለሁ አላልኳችሁም?

ነፊሳ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ለሙሽራ የሚሆን ድሪያ፣ ያ ስስ ረጅም ቀሚስ፣ ከእሷ እጅ ያልወጣ ከሆነ ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይነፉበት ነበር። አንጀቷ ተጠማዞ፣ ሆዷ ተነፍቶ በቃሬዛ አመጧት። ዶክተር ግርማ ሆዷን ሲከፍተው ከአንጀቷ ብዙው ጠቁሯል። የጠቆረውን ቆርጦ ጤነኛውን ከጤነኛው ቀጠለ፤ የተቀጠለው እስኪጸና ድረስም በአፏ ምንም እንዳይገባ አዘዘ። ለሳምንታት ምግቧ ሁሉ በደም ሥር ሊሆን ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በእኛ ክፍል ከዚያ በፊት ተሞክሮ አያውቅም ነበር።

ዶክተር ግርማ ውጭ ተምሮ የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ገና አንቱታውን አልጣለም። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ሰው ብርቅ ነው፤ ትልቁም ትንሹም አንተ አንቺ ነው፣ ንቀት የለበትም። የነፊሳን እናት አዴ ዘይነባን "እርስዎ" ሲላት ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው መኖሩን ታይ ነበር። እኔም አንቺ ነበር የምላት፣ እዚህም እንደዚያው እቀጥላለሁ።

ይህ ዶክተር አንድ ቀን ነርሶቹን ሰብስቦ አንዲት ትንሽ የመድኃኒት አምፑል በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየን። ግሉኮሱ ጉልበት ነው፣ የፕሮቲኑ ጠርሙስ ሥጋ ነው አለ። በዚህች አምፑል ውስጥ ያለው ግን ዚንክ፣ መዳብ፣ ሴሊኒየምና ማንጋኒዝ ነው፤ ሁሉም ማዕድን ነው፣ ሰውነት የሚፈልገውም ከቅንጣት ያነሰ ነው። "የጭቃ ቤት ስትሠሩ እንጨቱና ጭቃው ይበዛል፣ ምስማሩ እፍኝ አይሞላም። እስቲ ያለ ምስማር አቁሙት" አለን። በአፉ የሚበላ ሰው ከጤፉም ከሥጋውም ያገኘዋል፤ በደም ሥር ብቻ የሚመገብ ሰው ግን እኛ ካልሰጠነው ከየትም አያገኘውም፣ ቁስሉ አይሽርም፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ፀጉሩ ይረግፋል አለን። ገብቶኛል። ሌላው ቢቀር አልገባኝም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ፣ ከሁሉም ይልቅ የገባው ለእኔ ነው። ለዚህም ነው ማዕድኑን የማዘጋጀቱን ሥራ ለእኔ የሰጠኝ።

ማዕድኑም ሆነ የፕሮቲኑ ጠርሙስ አገር ውስጥ አይገኝም። የነፊሳ ወንድም ሙሜ ባቡር ላይ ስለሚሠራ ጅቡቲ ከሚገኝ ፋርማሲ እየገዛ ያመጣላት ነበር። ካርቶኑን በፎጣ ጠቅልሎ እንደ እንቁላል አቅፎ ሲገባ አሁንም ይታየኛል። ዶክተሩ ጥብቅ አድርጎ ያዘዘው አንድ ነገር ነበር፦ ማዕድኑ ለብቻው በትንሽ ጠርሙስ ይሰቀል፣ ከቫይታሚን ጋር እንዳይቀላቀል። ስለዚህ የማዕድኑ ጠርሙስ ቀለም የለውም። ውሃ ይመስላል።

ገመታችሁ አይደል? አዴ ዘይነባ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ቀንም ሌትም የልጇን ጠርሙስ ትጠብቅ ነበር። የመጀመሪያውን የማዕድን ጠርሙስ ሰቅዬ ዞር ከማለቴ ተነሥታ የቱቦውን ማጥበቂያ ዘጋችው።

"ውሃ! ቢላሂ ልጄን በውሃ ልታኖሪያት ነው? የጎረቤቷ ቢጫ፣ የእኔ ልጅ ነጭ? ድሃ ስለሆንን ነው?"

አስረዳኋት። ከፈትኩት። ተመልሼ ስመጣ ተዘግቷል። እንደገና አስረዳኋት፣ እሷም እሺ አለችኝ፣ ከዚያ ዘጋችው። በማግስቱም እንደዚያው። ክፍሉ ሞልቷል፣ ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ከአንዱ አልጋ ይጠሩኛል፣ ከሌላው ይሰድቡኛል፣ እኔ ደግሞ ከአንዲት አሮጊት ጋር ስለ ውሃ ቀለም እከራከራለሁ። ነፊሳ ራሷ ትስቅ ነበር። "አቦ ሲስተር ተያት፣ እናቴ ከመንግሥትም ጋር ትጣላለች" ትለኛለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "መች ነው ሳምቡሳ የምታበይኝ?" ትለኛለች። ይህን ሁልጊዜ ትጠይቀኝ ነበር።

እናትየዋን ዝም ለማሰኘት አንድ ቀን የተከለከለውን አደረግሁ፤ ማዕድኑ ውስጥ ቫይታሚን ጨመርኩበት። ቀለሙ ደፈረሰ፣ ወደ ቡናማ ሄደ። ደንግጬ መታጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ምንም አልነበረም። ለዶክተሩ "ቤተሰቡ እየዘጋብኝ ተቸግሬአለሁ" ብለው ኖሮ መጥቶ ራሱ ያናግራት ነበር፤ ሰው ነው፣ ይረዳል። ግን ያቃታት ነርስ መባል አልፈለግሁም። ማዕድኑን ተውኩትና በትንሹ ጠርሙስ ግሉኮስና ቫይታሚን ቢ ብቻ አድርጌ፣ አምሮ የደመቀ ቢጫ አድርጌ ሰቀልኩት። ለአዴ ዘይነባም ነገርኳት።

"ይኸውልሽ፣ ማዕድኑ ይሄ ነው። ጠንካራው መጥቶልሻል። ከእንግዲህ ነጩን አትቀበዪ" አልኳት።

በዚህ በገዛ አፌ ነው ያልኳት። ነጩን አትቀበዪ አልኳት። ለምን ይህን ጨመርኩ? ቢጫው ማዕድኑ ነው ብል አይበቃም ነበር? ስዋሽ ማሳመር እወዳለሁ መሰለኝ። አዴ ዘይነባ መረቀችኝ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮም ክፍሉ ሰላም ሆነ። እኔም በሰላሙ ተደሰትኩ።

አምፑሎቹ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቀሩ። በየቀኑ አየኋቸው፣ በየቀኑ ነገ እሰጣታለሁ አልኩ። ለክፋት አልነበረም ማለት ያምረኛል፤ ግን ቀጥሎ ያደረግሁትን ስሙ። ከዚራ የምትኖር የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሚስት ነበረች፤ ወልዳ ከተነሣች ወዲህ ፀጉሯ ይረግፍባት ነበር፣ እኔም እቤቷ እየሄድኩ ግሉኮስ እሰቅልላት ነበር። ማዕድን ለፀጉር ጥሩ እንደሆነ ሰምቻለሁ አይደል? እነዚያን አምፑሎች እየወሰድኩ ለእሷ ሰጠኋት። ሙሜ አቅፎ ያመጣውን፣ ከነፊሳ አፍ ነጥቄ፣ ፀጉር ለሳሳባት ሴት። ለገንዘብ እንኳ አልነበረም፤ ሰባራ ሳንቲም አልተቀበልኩም። በረንዳዋ ላይ ከዛፉ ጥላ ሥር ወንበር ስለምታወጣልኝ ነው፣ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ሎሚ ስለምታቀርብልኝና ለጎረቤቶቿ "የየሺ እጅ መድኃኒት ነው" ስለምትል ነው። ይህን ስጽፍ አሁን ፊቴ ይግላል። የወለደች ሴት ፀጉር ሲረግፍ ከርሞ በራሱ ተመልሶ ይወጣል፤ ይህንንም አውቀው ነበር።

ከዚያ የነፊሳ ከንፈር ዳር ቀላ። ከዚያ አፍንጫዋ ሥር፣ ከዚያ በጣቶቿ መካከል ቆዳዋ እየተላጠ ይቆስል ጀመር። የቀዶ ሕክምናው ቁስል አፉን አልገጥም አለ። አንድ ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥርላት እፍኝ ሙሉ እጄ ላይ ቀረ። ነፊሳ አየችው፣ እኔም አየሁት። "ለሠርጌ ዊግ ታመጪልኛለሽ" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስትስቅ አላየኋትም፣ ሳምቡሳም መጠየቅ ተወች። ዶክተር ግርማ በጭቃ ቤቱ ምሳሌ የነገረን አንድ በአንድ ፊቴ ላይ እየተፈጸመ ነበር። የእኔ ቁም ሣጥን ደግሞ ባዶ ነበር።

ዶክተሩ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ቆዳዋን አየ፣ ረጅም ጊዜ አየ። ቀና ብሎ ጠየቀኝ።

"የሺ፣ ማዕድኑ እየገባላት ነው አይደል?"

"አዎ ዶክተር።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

ራሱን ነቀነቀ። "እየገባላት መሆኑን ባላውቅ የዚንክ እጥረት ነው ብዬ እምል ነበር" አለ። ባላውቅ አለ! ሰውየው እኮ ደርሶበታል፤ እጁን በሽታው ላይ አድርጎ ቆሟል፤ እኔ ነኝ እጁን ያነሣሁት። ዕውቀቱን በአንድ አዎ አፈረስኩበት። ከዚያ ሌላ ምክንያት ፍለጋ ገባ። ምናልባት የቁስሉ አንቲባዮቲክ አልተስማማት ይሆናል፣ ቆዳዋን ያስቆጣው እሱ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ አንቲባዮቲኩም እንዲቆም አዘዘ። ትእዛዙን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ መርፌውን ያቆምኩትም እኔ ነኝ። ቁስሏ ገና ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ምክንያቱ መድኃኒቱ አለመሆኑን እያወቅሁ፣ አቆምኩ። ምላሴ ምን ሆኖ ነበር? ማን አሰረው?

እዚህ ጋ ነው ሰው "ፈርተሽ ነው" የሚለኝ። አዎ ፈርቻለሁ። መድኃኒት አጎደለ የተባለ ሰው አሻጥረኛ ተብሎ የሚወሰድበት ጊዜ ነበር፤ ከእኛው ግቢ ተወስዶ ወሬው የጠፋ ሰው ነበር። ግን ዶክተር ግርማ ለማንም አሳልፎ የሚሰጠኝ ሰው አልነበረም፤ ያን ያህል አውቀው ነበር። ይቆጣኝ ነበር፣ ምናልባት ከክፍሉ ያስወጣኝ ነበር። የፈራሁት እስር ቤቱን አይደለም። የፈራሁት ያ ሰው ፊቱን ሲያዞርብኝ ማየት ነው፤ ሲስተር የሺ የተባለችው ሴት እንድትዋረድ አልፈለግሁም። ይህን ከደርግ ጋር ምን አገናኘው?

በተንኮል ላርመው ተነሣሁ። ሙሜን ጠርቼ ማዕድኑ አልቋል፣ ቶሎ ሌላ አምጣ አልኩት። ለምን ቶሎ አለቀ ብሎ አልጠየቀኝም፤ አንቺ ካልሽ ብሎ በቀጣዩ ባቡር ወረደ። እስኪመለስ ድረስ ነፊሳን ትኩሳት ያዛት። ባቡሩ የገባ ቀን ሙሜ ከጣቢያው እየሮጠ መጣ፤ ላቡ በሸሚዙ ላይ ወርዶ ነበር። ካርቶኑን ሲሰጠኝ "ወላሂ ሲስተር፣ ባንቺ ነው የምንተማመነው" አለኝ። ወዲያው አዘጋጅቼ ለብቻው በትንሹ ጠርሙስ፣ እንደታዘዘው፣ ንጹሑን ሰቀልኩት። ጠብ ጠብ ማለቱን አይቼ ወደ ሌላ በሽተኛ ተጠራሁ።

ስመለስ ጠርሙሱ ሙሉ ነው። ማጥበቂያው ተዘግቷል። አዴ ዘይነባ ከሥሩ ተቀምጣ ታየኛለች።

ጮህኩባት። ከዚያ በፊት በሽተኛ አስታማሚ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እሷም ተነሥታ ጮኸችብኝ፣ ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየን።

"አንቺ አይደለሽ ነጩን አትቀበዪ ያልሽኝ? ቢጫው ነው ማዕድኑ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ዛሬ ልጄ ስትደክም ነው ውሃ የምትሰቅይባት?"

እውነት ተናገረች። በዚያ ክፍል ውስጥ እውነት የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች። ያኔ አንድ ቃል ይበቃ ነበር፦ ዋሽቼሻለሁ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፣ እኔም "ዝም በዪ! ነርሷ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" አልኳት። ማጥበቂያውን ከፍቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ዞር ባልኩ ቁጥር ዘጋችው መሰለኝ፤ እስከ ሠርክ ጠርሙሱ ከግማሽ አልወረደም። ከቁስሉ የተነሣው መርዝ ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አንቲባዮቲኩ ሲመለስ ጊዜው አልፏል። ነፊሳ ብዙም ሳትቆይ አረፈች።

ያን ጊዜ በአንድ ጠርሙስ ማዕድን አትድንም ነበር፣ አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ቢሰጣትስ ትድን ነበር ወይ? አንጀቷ ብዙ ተቆርጧል፣ አገሩም መድኃኒት የለውም፣ ምናልባት ትሞት ነበር። ይህን ምናልባት ስንት ጊዜ አላመጥኩት መሰላችሁ! ይህ ምናልባት የሚባል ነገር ለእኔ አይገባም። ምናልባት ማለት የሚችለው የታዘዘውን የሰጠ ሰው ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዋናውን ገና አልነገርኳችሁም። እስካሁን ያልኩት ምናልባት ለካህን ይነገር ነበር። ይህኛው ነው አልወጣ ብሎ የኖረው።

ነፊሳን ለመገነዝ እየተዘጋጁ ሳለ ዶክተር ግርማ በጠርሙሱ የተነሣውን ጠብ ሰማ። አስታማሚዎቹ መዝጋቷን ነገሩት፤ ምን ብላ እንደጮኸችብኝ ግን አልነገሩትም። ወደ እኔ መጥቶ፣ አንድ ሲከነክነው የነበረ ነገር እንደተፈታለት ሰው፣ "ለካ ቤተሰቡ ማዕድኑን ሲዘጋባት ነው የከረመው? ለካ አልገባላትም ነበር?" አለኝ። ዐይኔን እያየ ነው የጠየቀኝ።

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ ብዬ ነቀነቅሁ።

ሰውየው ደግ ነበር፣ አላፈጠጠባትም። ከአዴ ዘይነባ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ በዚያ በአንቱታው፣ ባለማወቅ ያደረጉት ነው፣ ማንም አይፈርድብዎትም፣ ለወደፊቱ ለሌላ ሰው እንዲያስተምሩ ነው የምነግርዎት እያለ ነጩ ጠርሙስ ምን እንደነበር አስረዳት። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር። አዴ ዘይነባ በመጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። እጇን ዘርግታ፣ ያን ማጥበቂያ ያጠበቀችበትን እጇን፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። "እኔ ነኝ የገደልኳት በለኛ" አለች። ወደ እኔ ዞረች። "ሲስተር፣ እኔ ነኝ?" አለችኝ።

ጠየቀችኝ እኮ! በቀጥታ ጠየቀችኝ! እኔም ትከሻዋን ያዝኩና "የፈጣሪ ሥራ ነው፣ አይዞሽ" አልኳት። አይደለሽም አላልኳትም። አይደለሽም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አይደለሽም ብቻ ማለት እንኳ አቃተኝ። አይደለሽም ካልኳት ታዲያ ማን ነው ትለኛለች ብዬ ነው።

በዚያ ዘመን በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረን። ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር አለ፤ ተራ በተራ እየተነሣን ጥፋታችንን በሕዝብ ፊት እንናገራለን። እኔ ጎበዝ ተናዛዥ ነበርኩ። ከሥራ ሰዓት ማርፈዴን፣ የጽዳት ዘመቻ መቅረቴን፣ ለጓዶቼ ፊት መንሣቴን እያነሣሁ ራሴን ስነቅፍ ሰብሳቢው ለሌላው ምሳሌ አድርጎ ይጠራኝ ነበር። ያጨበጭቡልኝ ነበር። እያጨበጨቡልኝ በመስኮቱ በኩል ወደ ደቻቱ ድልድይ የሚያልፈውን ሰው አያለሁ፣ አዴ ዘይነባን የማይ እየመሰለኝ። ብዙ ጊዜ እሷው ትሆናለች። ገበያ ውላ ስትመለስ በዚያ ነበር የምታልፈው።

በዚያች ከተማ ውስጥ ዓመታት አብረን ኖርን። ዶክተር ግርማ ተዛውሮ ሄደ። ሙሜ መንገድ ላይ ባየኝ ቁጥር ቆሞ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኝ ነበር። አዴ ዘይነባ ግን ሐኪም ቤት ስትመጣ ግሉኮስ ከተሰቀለለት ሰው አጠገብ እንደማትቀመጥ፣ እጇን በሻሿ ጠቅልላ ከደጅ እንደምትቆም ሰማሁ። የልጅ ልጇ ታሞ ሲተኛ እኔው ራሴ አየኋት። ከበር አላለፈችም። "እኔ ብገባ ጠርሙሱን እነካዋለሁ" አለችኝ። ያኔም መናገር እችል ነበር። በየሳምንቱ፣ በየመንገዱ፣ በየገበያው መናገር እችል ነበር። ለመናገር ምንም የሚያስፈልገኝ ነገር አልነበረም፤ አፍ ብቻ ነው፣ እሱም ነበረኝ።

ከእነዚያ ዓመታት በአንደኛው፣ ገና ደርግ ሳይወድቅ፣ ሙሜ እናቱን ሐጅ ሊልካት ነው ተባለ። ሐጅ የሚሄድ ሰው የበደለውን ሁሉ እየዞረ አፉታ ማለትም ይቅርታ ይጠይቃል፣ የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይሄድም፤ ደንቡ ነው። አንድ ረፋድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው አዴ ዘይነባ ናት። ከመጋላ እስከ ከዚራ በዚያ ፀሐይ በእግሯ መጥታ ነው። ወንበር ብሰጣት እምቢ አለች፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቶቿን፣ ገበያ ላይ የተጣላቻቸውን ሁሉ ጨርሳ መምጣቷ ነበር።

"አንቺን ያስቀረሁት ስለከበደኝ ነው" አለችኝ። "ያን ቀን ሰው ፊት ጮህኩብሽ። ያላልሽውንም አልሽኝ አልኩሽ፤ ጆሮዬ ነው የተሳሳተው። መድኃኒትሽን ዘጋሁት። የልጄን ነገር ለአላህ ነግሬዋለሁ፣ በየሶላቱ እነግረዋለሁ፣ እሱ ያውቃል። ያንቺ ሐቅ ግን እኔ ላይ ነው። አፉ በይኝ የሺ። አፉ ካላልሽኝ ሐጄ አይሞላልኝም።"

ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ፍርሃት የሚባል ነገር አልነበረም። ከእኔና ከእሷ በቀር የሚሰማ ሰው አልነበረም። ብነግራት ያን እጇን ይዛ ነጻ ሆና ትሄድ ነበር፣ ከፈለገችም እኔን ረግማኝ ትሄድ ነበር። ተመልሳ ስትመጣም እኖራለሁ፣ እሷም ትኖራለች፣ ሐጃ ዘይነባ እያልን እንጠራታለን፣ ከዚያም አርጅታ ትሞታለች፤ ይህ ሁሉ ሆኗል፣ ሁሉም ሆኖ አልፏል፣ እኔ ግን የማስበው ያችን ረፋድ ብቻ ነው። ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ወደ ላይ ታየኝ ነበር። መልስ ትጠብቅ ነበር።

"አፉ ብዬሻለሁ" አልኳት።

አለቀሰች። ምንኛ ደስ እንዳላት! ጎንበስ ብላ እጄን ሳመች፤ እኔም እጄን አልሰበሰብኩም።